በአሜሪካ ለብሔራዊ መዝሙር መቆም ግዴታ ነው?

ስታዲየም ውስጥ የአሜሪካ መዝሙር ሲጀመር ሁሉም ብድግ ይላል። ያልተነሳ ሰው ሕግ ጥሷል? አልጣሰም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፌዴራል ሕጉ ሰው ወደ ባንዲራው ዞሮ፣ ቀኝ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ይቁም ይላል። ይህ ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ቅጣት የለውም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪን ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ ማስገደድ አይቻልም ብሎ ወስኗል።

ታዲያ ተጫዋች ለምን ይቀጣል? ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የሚጠብቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚከለክለው መንግሥትን ነው። የግል አሠሪን አይነካም። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤንቢኤ ተጫዋቾች እንዲቆሙ የሚያዝ የራሱ ደንብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጫዋቹን ማህሙድ አብዱልራኡፍን ያገደው በዚሁ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ኬፐርኒክ እ.ኤ.አ. በ2016 በመዝሙሩ ጊዜ ሲንበረከክ ግን ሊጉ ኤንኤፍኤል እንዲህ ያለ አስገዳጅ ደንብ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሜዳ ላይ ያለ ይቁም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል ይቆይ» የሚል አወጣ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ሲቃወም ወዲያው አቆመው።

የወግ አጥባቂዎቹ ቁጣ ይገባኛል። ልጁን በጦር ሜዳ ያጣ ወላጅ እዚያው ሆኖ ያያል። እኔም ሁሌ እቆማለሁ። ግን «አሠሪው ይቅጣው» እና «መንግሥት ይቅጣው» ለየቅል ናቸው። ፕሬዚዳንት ትራምፕም እ.ኤ.አ. በ2017 ተንበርካኪዎቹ ይባረሩ ሲሉ ጥሪያቸው ለቡድን ባለቤቶች ነበር። የማባረር ሥልጣኑ የባለቤቶቹ እንጂ የእሳቸው አይደለም።