የአዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ በፊልምና በቴሌቪዥን

አዲስ አበባ ብዙ የተወደዱ ልቦለዶች የተጻፉባት፣ ብዙ ፊልሞችም የተቀረጹባት ከተማ ናት። ሆኖም ከመጽሐፍ ተነሥተው ስክሪን ላይ የደረሱት ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ምክንያቱ የልቦለድ እጥረት አይደለም፤ በመጽሐፉና በካሜራው መካከል ድምፅ ስላለ ነው። የከተማዋ ሰው ልቦለዶቹን ለማየት ከመጠበቁ በፊት ሰምቷቸዋል፤ ቃለ ተውኔትን ከመድረክ፣ ልቦለድን ከሬዲዮ። ስለዚህ ልቦለድ ወደ ፊልም የሚመልስ ባለሙያ የሚገጥመው ከደራሲው ጋር ብቻ ሳይሆን በአድማጩ ጆሮ ከቀረው ተራኪ ጋርም ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገር ሥራዎችና ሽልማቶች እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል።

መድረክ ከካሜራ በፊት

ተንቀሳቃሽ ምስል አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ምስሉ ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ከቤቱ ዕድሜ በልጦ ዛሬም ይነገራል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ተረት ወደ ተውኔት መልሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በቴራስ ሆቴል አሳዩ፤ የመንግሥቱን አሠራር ይነካል ተብሎም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ከጀመሩት ሕንፃ ተነሥቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተመረቀ። ለፊልም የተወጠነው ቤት የቴአትር መሆኑ የከተማዋን የኪነ ጥበብ አቅጣጫ በደንብ ያሳያል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ መንግሥቱ ለማና ተስፋዬ ገሠሠ ያደጉት በመድረክ ነው፤ ተዋናዮቹም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲከፍት ተማሪዎቹ ከዚያ የወረሱት የመድረክ ልማድ ነበር። በኋላ ለቴሌቪዥን ድራማና ለፊልም ብዙ ጸሐፊና አዘጋጅ የወጣው ከዚሁ ክፍል ነው።

ውርሱ ሁለት ፊት አለው። የተዋናዮቹ አነጋገር የጠራ፣ ቃሉም የተመረጠ ነው። በሌላ በኩል አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንዲሰማው የሠለጠነ ድምፅ ከፊቱ አንድ ክንድ በማይርቅ ማይክሮፎን ሲቀረጽ ይገንናል። በብዙ የአማርኛ ድራማዎች ባልና ሚስት መኝታ ቤት ውስጥ እንደ ተከራካሪ ወገን የሚነጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሬዲዮና «ከመጻሕፍት ዓለም»

የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው የትረካ ዝግጅት ለአማርኛ ልቦለድ ያደረገውን አንድም ፊልም አላደረገለትም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ መጽሐፉን ያላነበበው፣ ማንበብ የማይችለውም ጭምር በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣንና ፊታውራሪ መሸሻን በድምፃቸው ለየ። አንድ ሰው ነው ሁሉንም የሆነው፤ ድምፁን ብዙ ሳይለውጥ፣ በፍጥነትና በዝግታ፣ በትንፋሽና በዝምታ ብቻ። ፍቃዱ ተክለ ማርያምም በትረካ ሊረሳ የማይችል አሻራ ትቷል።

ትረካው ለምን ይህን ያህል እንደሠራ በሒሳብም ይታያል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልቦለድ አንዱ ገጽ በረጋ ንባብ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል እንበል፤ ጠቅላላው ከ20 ሰዓት ይበልጣል። ሬዲዮ በየሳምንቱ እየከፋፈለ ሁሉንም ማንበብ ይችላል፤ ምንም አይጥልም። የሁለት ሰዓት ፊልም ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙን መተው አለበት። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሆነ 13 ክፍል ድራማ እንኳ አሥር ሰዓት አይሞላም፤ ግማሹን ይጥላል ማለት ነው። ተመልካቹ ደግሞ የተጣለውን ግማሽ በቃሉ ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በቅርብ ዓመታት በተከታታይ ድራማነት በቴሌቪዥን ሲቀርብ ከተራኪው ድምፅ ጋር መወዳደሩ የማይቀር የሆነው ለዚህ ነው።

ቴሌቪዥንና የራሱ ደራሲዎች

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በቀለም ማስተላለፍ የጀመረው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ለረጅም ጊዜ በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ስለነበር ድራማው የተለመደው በጠባብ ክፍል፣ በጥቂት ተዋንያንና በብዙ ንግግር ነበር። ሳሎን፣ ቢሮ፣ ሳሎን። ይህ ቅርጽ የተወለደው በገንዘብና በቦታ እጥረት ቢሆንም ቆይቶ እንደ ሥርዓት ተወሰደ፤ ውጭ ወጥቶ መቅረጽ ከቀለለ በኋላም አልለቀቀም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀረቡት «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ከመጽሐፍ አልተወሰዱም፤ ለቴሌቪዥን ተብለው የተጻፉ ናቸው። ነገር ግን ሥነ ጽሑፋዊ ሥራ አይደሉም ማለት ስሕተት ነው። «ሰው ለሰው» ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ እንደ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ለዓመታት በየቤቱ መወያያ ሆኗል። የጋዜጣ ተከታታይ ልቦለድ በሌላ ዘመን የያዘውን ቦታ በአዲስ አበባ የያዘው የሳምንቱ ድራማ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማስተላለፍ ሲጀምር ደግሞ የትረካው ጥበብ እንደገና ተፈለገ፤ አንድ ድምፅ ለማያውቀው ፊት ልክ ሆኖ መገኘት ነበረበት።

ፊልም

በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ነው፤ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ተቀርጾ፣ በላምብሮስ ጆካሪስ ተዘጋጅቶ። «ጉማ» በ1960ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። ሁለቱም ለፊልም ከተጻፈ ድርሰት የተነሡ ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹም እንደዚያው። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን የጻፈው ራሱ ነው፤ ደርግ ዘመን ላይ ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ምሁር በአዲስ አበባ የሚገጥመውን የያዘው ይህ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የምርጥ ድርሰት ሽልማትና የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በአፍሪካ የፊልም በዓል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። «ድፍረት» መነሻው ልቦለድ ሳይሆን አዲስ አበባ ያለ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የያዘው እውነተኛ የጠለፋ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም በዓል የተመልካች ሽልማት ወሰደ። የፊልሙ ዘርፍ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው እምብዛም አልዞረም።

ሳይነካ የቆየው ደግሞ ብዙ ነው። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበርና ጽሑፉ ገና በገጽ ላይ ሳለ የተቆራረጠ ነው፦ አጭር ትዕይንት፣ ፈጣን ምልልስ፣ ስማቸው የታወቀ ሰፈሮች። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ከአድማስ ባሻገር» በቢሮ፣ በመጠጥ ቤትና በሳሎን መካከል የሚመላለስ የአዲስ አበባ ልቦለድ ነው፤ ለስክሪን እንደተዘጋጀ ያህል ይነበባል። የ1972ቱ «ደራሲው» ስለ ደራሲ ሕይወት ሲሆን፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን በአእምሮ ይዞ እንደተጻፈ ይነገራል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። የስብሐት «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት የያዘ ሲሆን፣ ቋንቋውን ሳያለዝቡ በቴሌቪዥን ማሳየት አይቻልም፤ አለዝቦ ማሳየት ደግሞ ሥራውን ማጥፋት ነው።

ልቦለድን ወደ ስክሪፕት መመለስ

አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ልማድ የመጣው በላቲን ፊደል ከሚጻፍ ስክሪፕት ነው። የእኛ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ በአንድ ገጽ ውስጥ ብዙ ንግግር ይገባል፤ 100 ገጽ ያለው የአማርኛ ስክሪፕት ከ100 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው ምልልሱን ጮክ ብሎ፣ በሰዓት እየለኩ፣ እርምጃውንና ዝምታውን እየጨመሩ ማንበብ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀረጻ ሲጀመር ርዝመቱ የሚታወቀው አርትኦት ላይ ነው፤ ያኔ የሚቆረጠው ዝምታው ይሆናል፤ የሚቀረውም ወሬ ብቻ።

ሁለተኛው አደጋ የመጽሐፍ አማርኛ በአፍ ሲቀመጥ ነው። «ዘንድ»፣ «ነውና»፣ «ስለሆነም» በትረካ ያምራሉ፤ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ሲላቸው ግን ይጎረብጣሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ሁሉንም ወደ ዛሬ ሰፈር ቋንቋ ማውረድም ነው። በተለይ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱና እርስዎ። በጥሩ ልቦለድ ውስጥ ገጸ ባሕርይ «እርስዎ» ሲለው የነበረውን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር «አንተ» ቢለው ያ ራሱ ክስተት ነው፤ ከጥፊ አይተናነስም። ስክሪፕቱ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ሁሉንም «አንተ» ካስባለ ያ ቅጽበት ሲደርስ ምንም አይሰማም። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ማን ለማን ምን እንደሚል፣ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚለወጥ በሠንጠረዥ ያወጡታል፤ ሠንጠረዡ ለተዋናዮቹም ይሰጣል፤ ምክንያቱም ተዋናይ በቀረጻ መሐል ሳያውቀው ወደ ለመደው ይመለሳል።

ሰምና ወርቅም ሌላ ነው። አንባቢ ቅኔውን መልሶ ያነበዋል፤ ተመልካች ያልፈዋል። ወርቁ እንዲታይ ካሜራው ተናጋሪውን ትቶ የሰሚውን ፊት መያዝ አለበት፤ ነገሩ መግባቱ የሚታወቀው የሰሚው ዓይን ሲለወጥ ነው። ወርቁን በሌላ ገጸ ባሕርይ አፍ ማስተርጎም ብዙ ጊዜ የሚታይ ስንፍና ነው።

ከተማዋ ራሷ

ልቦለዶቹ የቆሙበት አዲስ አበባ ከሥር እየተነሣ ነው። ውቤ በረሃ ስሙን ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ያገኘ የፒያሳ ጎረቤት ሲሆን፣ የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። የ1950ዎቹን ፒያሳ ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው በቆመ ሕንፃ አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ መተማመን አለበት፦ ረጅም ሌንስ፣ ጠባብ ፍሬም፣ ከበስተኋላ ምንም እንዳይታይ። ፍሬሙ በሰፋ ቁጥር የሳተላይት ሰሃን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የመስታወት ፎቅ ይገባል። ባለሙያ ቦታ ሲመርጥ የሚያየው ጣራውን ነው፤ የሕንፃ ፊት በቀለም ይስተካከላል፣ ጣራ ላይ የተተከለውን ማውረድ ግን የባለቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል።

ወቅቱም ሥራውን ያበላሻል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የውጭ ቀረጻ በጠዋት ብቻ ይቀራል። መስከረም ላይ የተቀረጸ ትዕይንት አረንጓዴና አደይ ለብሶ የካቲት ላይ ከተቀረጸው ደረቅ ግቢ ጋር ቢገጠም ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ይረበሻል። ስለዚህ በልቦለዱ አንድ ቀን የሆነው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ መቀረጽ አለበት። የድምፅ ባለሙያ ደግሞ የቦታ ምርጫ ላይ አብሮ መሄድ አለበት፤ የጎረቤት ጄኔሬተርና የአምልኮ ቦታ ድምፅ ማጉያ በዓይን አይታዩም።

አዲስ አበባ በውጭ ደራሲዎች

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዋው እ.ኤ.አ. በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፣ በ1935 ደግሞ የጣሊያንን ጦርነት ለመዘገብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመው ልቦለዱ «ስኩፕ» ውስጥ ያለው ምናባዊ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ የተቀዳ ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1987 ለቴሌቪዥን ሠርተውታል። የከተማዋ ሰው ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን በክብር አያገኝም። የኧርነስት ታይዲማን ልቦለድ የወለደው መርማሪ ሻፍት በሦስተኛው ፊልሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ተቀርጿል። አዲስ አበባ የተወለዱት አብርሃም ቨርጊስና መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ ከተማዋን ከውስጥ ጽፈዋታል፦ ቨርጊስ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባደጉ መንትዮች፣ መዓዛ በአብዮቱ መባቻ አንድ ቤተሰብ ላይ በደረሰው። የመዓዛ ሁለተኛ ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰው፣ የፊልም መብቱ ተሸጧል።

መብት

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመመለስ መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ስላረፉ ሥራቸው እስከ 2046 ድረስ የወራሾቻቸው ነው። አሳታሚ ጋር የተደረገ ውል የኅትመት ብቻ ከሆነ የፊልም መብትን አይጨምርም፤ አሳታሚውን አስፈቅዶ ሥራ መጀመር ለክስ በር ይከፍታል። ወራሾች ብዙ ሲሆኑ የአንዱ ፊርማ አይበቃም፤ የሁሉም በጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ከመካከላቸው ውጭ አገር የሚኖር ካለም ውክልናውን ቀረጻ ሳይጀመር መጨረስ ይሻላል። ውሉ የክፍሎችን ብዛት፣ የሚሠራበትን ቋንቋ፣ የመልሶ ማስተላለፍና የኢንተርኔት ስርጭትን ለይቶ ካልጻፈ ክርክሩ የሚነሣው ድራማው ከተወደደ በኋላ ነው። የድሮ የሬዲዮ ትረካ በድራማው መሐል ቀንጭቦ ማስገባት የሚፈልግም ሌላ ፈቃድ አለበት፤ ድምፁ የተራኪውና የጣቢያው ተዛማጅ መብት ያረፈበት ነውና፣ የደራሲው ወራሾች መፍቀዳቸው ብቻ አያስገባውም።