ስሞኪ ማውንቴን ምንድን ነው?

ቃሉ ሲፈታ «የሚጤሰው ተራራ» እንደማለት ነው። ፊሊፒናዊ አግኝታችሁ ምንድን ነው ብትሉት ከሁለት አንዱን ይነግራችኋል። አንዱ የቆሻሻ ክምር ነው ይላችኋል። ሌላው ይዘፍንላችኋል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ስሞኪ ማውንቴን የሚባል የዘፋኞች ቡድንም አለና። ከክምሩ እንጀምር፤ ዘፋኞቹ ስማቸውን የወሰዱት ከሱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ውስጥ ቶንዶ የሚባል ሰፈር አለ። ወደብ ዳር ያለ፣ የተፋፈገ የድሃ ሰፈር ነው። የከተማዋ ቆሻሻ ከ40 ዓመት በላይ እዚያ ሲደፋ ኖረ፤ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆነ። እንዲህ የተቆለለ ቆሻሻ ውስጥ ውስጡን እየበሰበሰ ይግላል፣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን ደግሞ በትንሽ ሰበብ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ክምሩ ሌት ተቀን ይጤስ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እላዩና ዙሪያው ላይ ይኖሩ ነበር፤ ፕላስቲክ፣ ብረታ ብረትና ጠርሙስ ለቅመው እየሸጡ።

ለአዲስ አበባ ሰው ይሄን ማብራራት አያስፈልግም። ቆሼን ያውቃል። በ2017 ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የገደለበትን ቀንም አይረሳም። ማኒላም የራሷ አላት፦ በ2000 ፓያታስ የተባለው ሌላ ክምር ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል።

ወደ ዘፋኞቹ ስንመጣ፣ ከኋላቸው አንድ ሰው አለ። ራያን ካያብያብ ይባላል፤ የሙዚቃ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ፒያኖ ተጫዋችና መምህር። አገሩ ውስጥ ብዙዎች «ሚስተር ሲ» ይሉታል። እናቱ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው የሞቱበት። ሲሞቱም አደራ ትተው ነበር፦ ልጆቼ ሙዚቃን እንጀራቸው እንዳያደርጉ። የሙዚቀኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል ያውቁታላ። ልጅየው መጀመሪያ አደራውን ለመጠበቅ ሞክሮ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሒሳብ አያያዝ ሊማር ነው። አልዘለቀበትም። ወደ ሙዚቃ ዞረና በሙዚቃ ተመረቀ። በ1978 በአገሪቱ ትልቅ የዘፈን ድርሰት ውድድር አንደኛ ወጣ። የዘፈኑ ርዕስ «ሙዚቃችን እንዴት ያምራል» የሚል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ መንግሥት ለከያኒ የሚሰጠውን ትልቁን ማዕረግ ሰጠው፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ «የእስያ ኖቤል» የሚባለውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን አገኘ።

እኔን የሚገርመኝ ግን በ1981 ያወጣው አልበም ነው። መሣሪያ የለም፣ ድምፅ ብቻ። የሁሉንም ድምፅ የዘፈነውም ራሱ ነው፤ አንዱን ይቀዳል፣ በላዩ ሌላውን ይደርባል። ይሄን ካላወቅን የስሞኪ ማውንቴን ነገር አይገባንም ባይ ነኝ። ሰውዬው ገና ከጅምሩ የሚያስበው በአንድ ዘፋኝ አይደለም። በድምፆች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ ባህላዊ ዘፈን በአብዛኛው አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዩ ሃምሳ ሰው ቢሆንም ዜማው ያው አንድ ነው። ሃርመኒ ሌላ ነገር ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ግጥም ይላል፤ እያንዳንዱ የሚይዘው ኖታ ግን ይለያያል። አንዱን ድምፅ ለብቻው ነጥላችሁ ብትሰሙት ጎደሎ ይመስላል። ይሄን ደግሞ ዘፋኞቹ ብዙ ጊዜ እንደመጣላቸው አይፈጥሩትም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለእያንዳንዱ ጉሮሮ በልኩ ይጽፈዋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ቡድን ደራሲ የሚፈልገው። ፊሊፒንስ በመዘምራን የምትታወቅ አገር ናት። አንዱ የዩኒቨርሲቲ መዘምራኗ በ1997 የአውሮፓን ታላቅ የመዘምራን ሽልማት ወስዶ፣ በ2007 እንደገና አሸንፏል።

ጊዜውም ረድቷል። አምባገነኑ ፕሬዝዳንት ማርኮስ በ1986 ወደቁ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዝዳንት ኮራዞን አኪኖ አንድ ትዕዛዝ አወጡ፦ ሙዚቃ የሚያሰማ ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ በየሰዓቱ ቢያንስ 4 የፊሊፒንስ ወጥ ዘፈኖችን ያሰማ። በሕግ የተከበረ ቦታ ማለት ነው። አዲስ ዘፈን ተፈላጊ ሆነ።

ካያብያብ በ1989 አራት ወጣቶችን ሰበሰበ፦ ጄኔቫ ክሩዝ፣ ጄፍሪ ሂዳልጎ፣ ቶኒ ላምቢኖና ጄምስ ኮሮኔል። ጄኔቫ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ስማቸውንም ስሞኪ ማውንቴን አለው።

ልጆቹ ከክምሩ ላይ የመጡ ቆሻሻ ለቃሚዎች አልነበሩም። ጄኔቫ እንዲያውም ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተዋናይና ዘፋኝ ከሆነ ቤተሰብ ናት። ይሄ መጀመሪያ ስሰማው ትንሽ ቆርቁሮኝ ነበር። የሰው መከራ ስም ሆኖ በካሴት ሽፋን ላይ? ዘፈኑን ከሰማሁ በኋላ ግን ሐሳቤን በከፊል ቀየርኩ።

«ፓራይሶ» ይባላል፤ ትርጉሙ ገነት። ዜማው የልጅ መዝሙር ነው የሚመስለው፤ ለስላሳ ነው። ቃሉን ስትከታተሉ ግን ገነቱ ወንዝ ሊሞት የሚደርስበት፣ ወፍ የማይበርበት፣ ሣር የማይበቅልበት፣ ጭስ የሸፈነው ቦታ ነው። ቦታው የት እንደሆነ ዘፈኑ ሊነግራችሁ አይደክምም፤ የቡድኑ ስም ነግሯችኋል። ለካ ስሙ ጌጥ አይደለም፣ የግጥሙ ግማሽ ነው። ያንን ግጥም ደግሞ አዋቂ በሻካራ ድምፅ ቢዘፍነው ተቃውሞ ይሆን ነበር። ልጆች ሲዘፍኑት ከባዱ ነገር ሳይታወቃችሁ ይገባል። እንዲህ ያለ ብልጠት የደራሲ ነው።

ሁሉም ዘፈናቸው ስለ ቆሻሻና ስለ ወንዝ ነው እንዳትሉ። «ካይላን» የፍቅር ነው፤ «መቼ» ማለት ነው፣ የወደድኩት ሰው መቼ ነው ልብ የሚለኝ የሚል። ፊሊፒኖዎች እስካሁን በካራኦኬ የሚያንጎራጉሩት ይሄን ነው። «ዳ ኮኮናት ነት» የሚባለው ደግሞ ቀልድ ነው፤ ኮኮናት ምን ምን እንደሚጠቅም እየዘረዘረ በፍጥነት የሚሮጥ፣ ምላስ የሚያስር ዘፈን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጄኔቫ ለብቻዋ መዝፈን ጀመረች፤ ከታወቁላት አንዱ ማኒላን አቋርጦ ስለሚያልፈው የፓሲግ ወንዝ ነው፣ ያውም ስለ ብክለቱ። ጄፍሪ በዘፈኑ ገፋ፣ ተዋናይ ሆነ፣ በኋላም ወደ ዳይሬክተርነት ዞረ። ቶኒ ላምቢኖ ትምህርቱን ተከታትሎ የአገሩ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ረዳት ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ። ከባንድ ወደ ሚኒስቴር! በቦታቸው ሌሎች ወጣቶች ገቡ፤ ስሙ ግን ያው ቀጠለ። ብዙ ጊዜ ባንድ ማለት አባላቱ ናቸው፤ ዋናው ዘፋኝ ከወጣ አበቃ። ይሄኛው ግን እንደ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪው ይቀየራል፣ መምህሩ ይቆያል።

የቶንዶው ክምር በ1995 ተዘጋ፤ ቦታው ላይ መንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች አቆመ። ካያብያብ በ2007 ሌላ ቡድን አደራጀ። ሰባት ድምፃውያን ናቸው፤ የዚህኛው ስም የራሱ ነው፣ «ራያን ካያብያብ ሲንገርስ»። ለምን የራሱን ስም እንደሰጠ አይገርመኝም፤ ያኔ የሱ ስም ብቻውን ታዳሚ ይጠራል። ቢሆንም እንደ ስም የመጀመሪያውን የሚያህል የለም።

ከሁሉ ሩቅ የተጓዘው ያ የኮኮናቱ ቀልድ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገር የትምህርት ቤት መዘምራን ይዘፍኑታል፤ ቶንዶን፣ ጭሱን፣ «ፓራይሶ»ንም የማያውቁ ልጆች። አራቱ ድምፆች ሲሽቀዳደሙ አንዱ ቃል ይጠፋበትና ሁሉም ይስቃሉ።