አማንና ወንጀል፦ የደኅንነት ስሜት በወሎ ገጠሮችና አነስተኛ ከተሞች

«አማን ነወይ?» በወሎ ሰላምታም ጥያቄም ነው። ሰውዬውን፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ቀዬውንና አቋርጦት የመጣውን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። «ወንጀል» የሚለው ቃል ግን እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ በሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፤ በወሎ ሙስሊሞች አንደበት ደግሞ ከሁሉ በፊት ኃጢአት ማለት ነው፤ «አላህ ወንጀላችንን ይማረን» ይባላል። መጠይቅ ይዞ ገጠር የገባ ወጣት አንዲት እናትን «እዚህ አካባቢ ወንጀል አለ?» ቢላቸው፣ «ወንጀል የሌለበት ማን አለ ልጄ» ብለው ቢመልሱለት ሊደነቅ አይገባም። የአካባቢውን ሰው ስጋት ለማወቅ የሚሻ በደልን፣ ግፍን፣ ነውርንና ደምን ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወሎ ዛሬ የአንድ አስተዳደር ስም አይደለም። መቀመጫው ደሴ የነበረው የቀድሞው ክፍለ ሀገር አብዛኛው ክፍል አሁን በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎ፣ በዋግ ኽምራና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ተከፋፍሎ ይገኛል። የደላንታ ደጋና የባቲ ቆላ አንድ ዓይነት ስጋት የለባቸውም። በደጋው የመሬት ወሰን መገፋት ሰው ያጋድላል፤ ወደ አፋር በሚያዘቀዝቀው የምሥራቁ ቆላ ግጦሽ፣ ውሃና የከብት ዝርፊያ ይቀድማሉ። በደሴና በወልድያ አውራ ጎዳና ላይ ባሉት ከተሞች ደግሞ የሱቅ መሰበርና የኪስ አውላቂ ወሬ ይበዛል።

ቅሬ

በብዙ የወሎ ገጠሮች የደኅንነት የመጀመሪያው አጥር ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ከቀብር ያልፋል። አባወራዎች የሚታቀፉበት፣ የራሱ ዳኛ ያለው፣ መቀጮ የሚጥል፣ የተጣላ የሚያስታርቅ የመንደር ማኅበር ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅለው በሚኖሩበት መንደር ቅሬውም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፤ መቃብሩ ይለያያል እንጂ ቃሬዛውን የሚሸከመው ትከሻ አይለያይም።

ሌሊት ጩኸት ሲሰማ መውጣት ግዴታ ነው። ጩኸት ሰምቶ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው በማግስቱ ምክንያቱን ይጠየቃል፤ የሚያሳምን ካላቀረበ ይቀጣል። ፖሊስ ጣቢያው የሰዓታት የእግር መንገድ በሚርቅበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌባውም ያውቀዋል፤ የሚፈራው ዘበኛን ሳይሆን የአንዲት ሴት እሪታ የሚያስነሳውን ሰፈር ነው።

የቅሬ ከባዱ ቅጣት ማግለል ነው። የተገለለ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ደቦ አይወጣለትም፣ ሲታመም ወደ ሕክምና የሚሸከመው ጎረቤት አያገኝም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ቀብሩ ነው፤ «ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጥያቄ ከእስር ይልቅ ያስፈራል። በእኔ ግምት ቅሬ ጥበቃውን የሚያስገኘው በመቀጮው ገንዘብ ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። ስለዚህም ኃይሉ የሚደርሰው ለመቀበር የመንደሩን እጅ በሚፈልግ ሰው ላይ ብቻ ነው። ከሌላ ወረዳ መጥቶ በሬ ነድቶ የሚሄደውን ቅሬ ምን ያደርገዋል?

ሌባን የማወቅ ጥበብ

ይህ ችግር ጥንትም ነበረ፤ መልሱ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር። ስርቆት ወይም ግድያ ሲፈጸምና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። አድራጊው እስኪገለጥ ድረስ ሥራ ተፈትቶ መዋል፣ አንዳንዴም ማደር ነው። ጠቋሚው በስሙ አይወጣም፤ ወሬውን ያመጣችው «ወፍ» ናት ይባላል። ወፏ ካልተናገረች ኪሣራው በነዋሪው ላይ በጋራ ይወድቃል። እርሻ እያለው ሦስት ቀን ሜዳ ላይ የተቀመጠ ገበሬ የሚያውቀውን ቢናገር አይገርምም፤ የማያውቀውን የተናገረም እንደሚኖር ግን መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ያጠጡትና እየተወላገደ ይለቁታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሥርዓቱን በመሻር ስማቸው የሚነሣው ልጅ ኢያሱ፣ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ናቸው።

ዘመናዊው ሕግ ትንንሾቹን ጉዳዮች ለመንደሩ ለመተው ሞክሮ ነበር። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስድብን፣ ቀላል ድብደባንና ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን አጥቢያ ዳኛ በእርቅ እንዲጨርስ ፈቅዶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች የግልና የቤተሰብ ክርክርን እንጂ የወንጀል ጉዳይን አልሰጠም። ዳሩ ግን የወሎ ሰው ክስና እርቅን እንደ ሁለት አማራጭ አያያቸውም። ፍርድ ቤት የፈረደበት ገዳይ እስሩን ጨርሶ ሲመለስ ደሙ ካልደረቀ ጉዳዩ አላለቀም።

ደም

ከስርቆት ሁሉ በላይ የገጠሩን እንቅልፍ የሚነሣው ይህ ነው። ሰው ከተገደለ ገዳዩ ብቻ አይሸሽም፤ ወንድሙና የአጎቱ ልጅ ገበያ መውጣት ያቆማሉ፣ እርሻቸው ጦም ያድራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ምንም ያላደረገ ሰው በዘመዱ ደም ይፈለጋል። አንድ ቀበሌ «ሰላም ነው» በሚባልበት ጊዜ እንኳ በውስጡ ደመኛ ሆነው በተለያየ ቀን ወደ ገበያ የሚወጡ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ይህን እንግዳ አያይም፣ መዝገብም አይነግረውም።

በቃሉ፣ በባቲና በአካባቢያቸው እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚይዙት አበጋሮች ናቸው። አበጋርነት በአብዛኛው በዘር ሲተላለፍ የኖረ የአስታራቂነት ማዕረግ ነው። አበጋሩ መሐል ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የሟች ወገን እጁን እንዲሰበስብ ማስማል ነው፤ ከዚያ በኋላ ምልልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዱአ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ በመጨረሻ ከብት ታርዶ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። በራያ ቆቦ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው ዘወልድ ይባላል። መሐላው ከወረቀት ይበልጣል፤ ያፈረሰው ሰው የሚጠብቀው የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይሆን በዘሩና በከብቱ ላይ የሚወርድ መቅሠፍት ነውና።

የማይነገረው

ይህን ሁሉ አሞግሶ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፣ የሚታረቁትም ቤተሰቦች ናቸው፤ የተጠለፈች ወይም የተደፈረች ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ድምፅ የላትም። «ነገሩ እንዳይሰፋ» ተብሎ ለደፋሪዋ የምትዳርበት አሠራር ነበር፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው ጋብቻ ከፈጸመ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አንሥቷል፤ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ የኋላ ጋብቻም አያድንም። ሕጉ ተለወጠ እንጂ የሰፈሩ «ገመናችንን አታውጡ» አልተለወጠም። ሚስቱን የሚደበድብ ባልም እንደዚያው ነው፤ ጩኸት ሲሰማ መውጣት ግዴታ በሆነበት መንደር የሚስት ጩኸት «የቤት ጉዳይ» ተብሎ ሲታለፍ ይታያል። በቡዳነት የሚታሙ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮችም አጥሩ ከውጭ ያስቀራቸው ጎረቤቶች ናቸው። አማን ነን የሚለው «እኛ» ሁሉንም አይጨምርም።

ከተሞቹና ጸጉረ ልውጡ

እንደ ሐይቅ፣ ውጫሌና መርሳ ባሉ ከተሞች ቅሬውና እድሩ ቢኖሩም ነዋሪው ሁሉ እርስ በርሱ አይተዋወቅም። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን ከግመልና ከፍየሉ ጋር ያገናኛል፤ ግፊያ ባለበት ኪስ አውላቂ አይጠፋም፣ የጠፋ ከብትም ተቀባይ ያገኛል። የቀበሌ ሚሊሻና የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚደጋግሙት ቃል «ጸጉረ ልውጥ» ነው፤ የማይታወቅ ሰው ሲያዩ እንዲጠቁሙ ነዋሪዎችን ያሳስባሉ። ምክሩ ከመንደሩ ልማድ ጋር ይገጥማል፤ ድሮም «የማን ልጅ ነህ?» መጀመሪያ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ጉዳቱ ለቀን ሥራ የመጣ ምስኪን ወጣትም በዚሁ ዓይን መታየቱ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ስሌት አናጋው። ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ደሴና ኮምቦልቻ እስከ ኅዳር ማብቂያ፣ ወልድያ እስከ ታኅሣሥ በዚያው ቆዩ። ሆስፒታሎች፣ ፋብሪካዎችና ሱቆች ተዘረፉ፤ ግድያና መድፈር ተፈጸመ። በነዋሪው ትዝታ ከሠራዊቱ ያላነሰ የሚቆረቁረው፣ ክፍተቱን ተጠቅሞ የጎረቤቱን ዕቃ የወሰደ የራሱ ሰፈር ሰው ነው። ጦር ይሄዳል፤ ያ ሰው ግን ከቅሬው አልወጣም፣ በየቀብሩም ይታያል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም መሣሪያ የያዘው ሰው ማንነት ይበልጥ ተደበላለቀ። ለገንዘብ የሚፈጸም እገታ የመንገድና የቤት ስጋት ሆነ፤ ድሮ ሽማግሌ የሚላክለት ደመኛ ስምና ዘር ነበረው፣ አጋች ግን የሚታወቀው በስልክ ድምፁ ነው። ቀድሞ ማታ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ «የማን ሠርግ ነው?» ይባል ነበር፤ አሁን መብራቱ ይጠፋል። ነጋዴዎች ሱቃቸውን ሳይጨልም ይዘጋሉ፣ ሹፌሮችም ከመነሣታቸው በፊት ወደሚቀጥለው ከተማ ደውለው ከዚያ በኩል መኪና እየመጣ መሆኑን ይጠይቃሉ። ካልመጣ ሞተር አያስነሡም።