ጤፍ ደጁን ዘግቶ፣ ኑግ ደጁን ከፍቶ፦ የጎጃም አዝመራና የዕጽዋት ጋብቻ

ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ወደ አዴት ሲኬድ መንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ነው። ቢጫው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ኑግ ነው፣ ሌላው መጭ። መጭ ያው ማሩ የሚወደስለት፣ ገበሬው ግን ከማሳው ሲነቅለው የሚውለው አረም ነው፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። አለፍ ሲሉ ጤፉ አለ፣ በውስጡም ጤፍ የሚመስል ሣር ተሰግስጎ። ዘመድ ከዘመዱ ጋር እንዲህ ትከሻ ለትከሻ እያደገ እንዴት ሁሉም ተቀላቅሎ አንድ ዓይነት ሣር ሆኖ አልቀረም?

መልሱ አንድ አይደለም። አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ ሌላው ዘግይቶ። የአንዳንዱ ክሮሞሶም፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ ውርሱን የሚይዘው ክር፣ ቁጥሩ ከዘመዱ አይገጥምም። ለአንዱ ነፋስ፣ ለሌላው ንብ ነው የሚላላክለት። እኔ ግን እዚህ የማወራው ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋው ነው፤ ተክሉ ከማን ጋር ይጋባል? ከራሱ ወይስ ከጎረቤት?

ጤፍ ከራሱ ጋር ነው። አበባው በጣም ትንሽ ናት፤ ወንዴውም ሴቴውም እዚያችው ውስጥ አሉ። ማለዳ ለአጭር ጊዜ ትከፈትና ብናኙ፣ ማለትም ያ የአበባው ዱቄት፣ እዚያው የገዛ ሴቴዋ ላይ ያርፋል። በቃ፣ ሰርጉ አለቀ። ከመቶ ፍሬ አንዱን እንኳ ከሌላ ተክል የተዳቀለ ሆኖ ማግኘት ይቸግራል። ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ሲባል የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባዋ በማለዳ የምትከፈትበትን ሰዓት ደርሶበት ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ ጤፍም የሁለት ጤፎች ዲቃላ ነው።

ገበሬው ሳይንሱን ባያነብም ውጤቱን ያውቀዋል። የአያቱ ማኛ የልጅ ልጁም ማኛ ነው። ሰርገኛ እንኳ ነጭና ቀዩ ማሳ ላይ ወይም አውድማ ላይ ተቀላቅሎ ነው እንጂ አበባ ላይ ተጋብቶ አይደለም፤ ድብልቅ ሌላ፣ ዲቃላ ሌላ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። የጤፍ አባት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው የዱር ሣር እንደ ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው። ተመራማሪዎች ሁለቱን በእጅ ሲያዳቅሏቸው ፍሬ የሚሰጥ ልጅ ወልደዋል። መዋለድ ይችላሉ ማለት ነው! ግን ሁለቱም ከራሳቸው ጋር ስለሚጋቡ አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እምብዛም አይገናኙም። የዱሩ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል፣ ጤፍ ግን ይዞ ይቆያል፤ ቢቀላቀሉ ኖሮ ገበሬው ምን ያህል እህል ከመሬት ሲለቅም እንደሚውል አስቡት።

ኑግ ሌላ ዓለም ነው። የራሱን ብናኝ አይቀበልም፣ ቢደርሰውም ሴቴው ትዘጋበታለች። ስለዚህ ንብ ካልመጣለት፣ ከሌላ የኑግ ተክል ካላመጣለት ፍሬ የለም። ችግሩ ንቧ ኑግና መጭ ብላ አትለይም። ሁለቱም 30 ክሮሞሶም አላቸው፣ አበባቸውም ቢጫ ነው፣ ጊዜያቸውም ይገናኛል፤ ስለዚህ መዳቀሉ አይቀርም። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል እንጂ ሰሊጡ በቤተሰብ እንኳ የማይገናኝ ባዳ ነው፤ በዘር በኩል ኑግን የሚያሰጋው መጭ ነው።

ታዲያ ከራስ ጋር መጋባት ይሻላል? እንደሁኔታው ነው። ሁሌ ከራሱ ጋር የሚጋባ ተክል ውስጥ የተደበቀው ጉድለት ሁሉ ይወጣል፣ አዲስ በሽታ ሲመጣም ልዩነቱ ያንስበታል። በምላሹ ብቻውንም ቢበቅል ይዘራል፣ ለለመደው አፈር የሚስማማውን ዘሩንም አያባክንም። በዌልስ አንድ ሣር አለ፤ ከድሮ ማዕድን ማውጫ የተረፈ፣ ዚንክ የሞላበት አፈር ላይ የበቀለው ክፍሉ ከንጹሕ መሬቱ ጎረቤቱ ቀድሞ ያብባል፣ ከራሱም ጋር በብዛት ይጋባል። መርዙን የቻለውን ዘር ከጎረቤት ብናኝ እየጠበቀ ነው።

አዲስ ዝርያ ሲወለድማ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። የሐበሻ ጎመንን፣ ያን ጎመን ዘር የሚሰጠውን እንውሰድ። 34 ክሮሞሶም አለው። ከየት አመጣው? ከሰናፍጭ 16፣ ከጥቅል ጎመን ወገን ደግሞ 18፤ ደምሩት። ይህን የጎመን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ ሳይንቲስት ነው አስተካክሎ ያሳየው። አሁን የመጀመሪያዋን ባለ 34 ተክል አስቧት። ዙሪያዋን ወላጆቿ ናቸው። ከእነሱ ብናኝ ብትቀበል ልጆቿ ቁጥራቸው የማይገጥም፣ በአብዛኛው መካን ናቸው። አቻ ደግሞ የላትም። ወላጆቹ በአብዛኛው የራሳቸውን ብናኝ የሚገፉ ሲሆኑ የሐበሻ ጎመን ግን ይቀበላል፤ ያ ባይሆን ዘሯ እዚያው በተቋጨ ነበር።

የዘጌ ቡናም ታሪኩ ያው ነው። በጣና ዳር በገዳማቱ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው አረቢካ 44 ክሮሞሶም አለው፣ ከራሱም ይጋባል። ዘመዱ ሮቡስታ 22 ብቻ ነው፣ የራሱንም ብናኝ አይቀበልም። ሁለቱ አንድ እርሻ ላይ ቢተከሉ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካኩ ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቲሞር ደሴት ላይ አንድ ዛፍ ተገኘ፤ የሁለቱ ዲቃላ፣ ያውም ፍሬ የሚሰጥ። የቅጠል ዝገት በሽታን ይችል ስለነበር ዘሩ ተፈለገ፣ ዛሬ ካቲሞር የሚባለው ቡናም ከዚያ የመጣ ነው።