«ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ነው፣ በቃ ቀረች» እና ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች

ባለፈው ሰኞ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ወደምሠራበት የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አንዲት እናት መጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ እስቲ ይህን ስማልኝ» አሉኝ። በኢሞ የተላከ የድምጽ መልእክት ነው። ልጃቸው ናት፣ ከሪያድ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ከማዳሟ፣ ማለትም ከአሠሪዋ፣ ቤት ከወጣች አራት ቀኗ ነው፣ ጓደኛዋ ጋ ተጠግታለች፣ ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቷል።

እናትየው ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ነው የመጡት። ለማን እንደሚጻፍ ግን አያውቁም። ጎረቤት የነገራቸውን ሁሉ ዘረዘሩልኝ፤ አብዛኛው ስህተት ነው። እኔም ተመሳሳይ ነገር በየጊዜው ስለምሰማ እዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ፓስፖርት ከሌላት በቃ፣ ቀረች»

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ ነው። ፓስፖርት ቢጠፋ፣ ቢቀማ፣ ቀኑ ቢያልፍ ኢትዮጵያዊነቷ የትም አይሄድም። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ በግልጽ አስፍሯል። ፓስፖርት ለሌለው ዜጋ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው የሚሰጠው የመመለሻ ወረቀት «ሊሴ ፓሴ» ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፣ «ይለፍ» እንደማለት።

ታዲያ ወረቀቱ ከመሰጠቱ በፊት ኢትዮጵያዊት መሆኗ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ነው የቤተሰብ ሥራ የሚመጣው። የፓስፖርት ኮፒ ካለ ማጣራቱ ይፈጥናል። ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የሥራ ውሉ፣ ስሟና ፎቶዋ ያለበት ማንኛውም መንግሥታዊ ወረቀት ይረዳል። ምንም ከሌለ በጥያቄና በምስክር ማጣራት ይመጣል፣ ያ ደግሞ ቀናት ይበላል።

«የፓስፖርቷ ኮፒ አለዎት?» ስላቸው «ኤጀንሲው ነው የወሰደው» አሉ። ስልካቸውን ተቀብዬ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ስፈትሽ አንድ አገኘሁ። ፓስፖርቱ የደረሳት ቀን በደስታ አንስታ የላከችላቸው ነው። ችግሩ፣ የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በአውራ ጣቷ ተሸፍነዋል። እናትየው አቀርቅረው ዝም አሉ። ግን ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ፊደልና ቁጥር የተደረደረባቸው ለማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ። የሁለተኛው መስመር የመጀመሪያ 9 ቦታዎች የፓስፖርቱ ቁጥር ናቸው። እዚያ ጋ ምንም አልተሸፈነም። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው።

«ሊሴ ፓሴ ጊዜያዊ ፓስፖርት ነው፣ ወደ ሌላ አገር ይሻገሩበታል»

አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። በሱ ከሪያድ ተነስቶ ኩዌት ወይም ዱባይ ሥራ መሄድ የለም። አገሯ ስትገባ ያልቃል፤ ዳግም መውጣት ከፈለገች አዲስ ፓስፖርት ታወጣለች። «ታዲያ ለምን እዚያው ፓስፖርት አያትሙላትም?» የሚልም አለ። ኤምባሲው ማመልከቻዋን ይቀበላል እንጂ ፓስፖርቱ የሚታተመው አዲስ አበባ ነው፤ ታትሞ እስኪላክ ይጠበቃል። አስቸኳይ ሲሆን ሊሴ ፓሴ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ሊሴ ፓሴ ካገኘች በቀጥታ ኤርፖርት መሄድ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ትኬት ቆርጠው ኤርፖርት ሄደው የሚመለሱ አሉ፣ ገንዘቡም ይቃጠላል። ሊሴ ፓሴው አዲስ አበባ ቦሌ ሲደርሱ የሚያስገባ ወረቀት ነው። ከሳዑዲ ለመውጣት ግን የሳዑዲ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢቃማ፣ ማለትም በሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የምትሠራ ልጅ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋታል፣ ልጆቹ «ኹሩጅ» የሚሉት ማለት ነው። አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ አስመዝግቦባት ከሆነ፣ ማለትም «ሁሩብ» ከተደረገች፣ ወይም ክስ ካለባት፣ ያ ሳይፈታ ወይም በስደተኞች መመለሻው በኩል ሳታልፍ አትወጣም። የሊባኖስም የኤምሬትስም ደንብ የራሱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ካለፈበት ቅጣት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ቆንስላ ስትሄድ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «ሊሴ ፓሴ ስጡኝ» እና «የመውጫዬን ጉዳይ እንዴት ልጨርስ?» በተለይ ሁለተኛውን እንዳትረሳ። ሌላም አለ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ ማስቀመጥ በሳዑዲ በራሱ ሕግ ክልክል ነው። መጀመሪያ ፓስፖርቱ እንዲመለስላት መጠየቅ መብቷ ነው፣ ከተመለሰም ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

«ኤምባሲው ትኬት ይቆርጣል፣ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ከእስር ያስፈታል»

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ያየ ሰው መንግሥት ሁሌም አውሮፕላን የሚልክ ይመስለዋል። ያ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ የጅምላ ማስመለስ ነው። የአንድ ሰው ጉዳይ እንደዚያ አይሄድም። ቆንስላ ሰነድ ይሰጣል፣ የታሰረ ይጠይቃል፣ ከአሠሪ ጋር ይነጋገራል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል። ዳኛ ማዘዝ አይችልም። የአገሩን ሕግ ማለፍም አይችልም።

ትኬቱን በሚመለከት ግን በኮንትራት ለሄደች ልጅ አንድ መንገድ አለ፣ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት የአሠሪው ወጪ ነው። የላካት ኤጀንሲም ለውሉ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው፣ ማለትም አሠሪው ባይከፍል ኤጀንሲው ብቻውንም ይጠየቃል። ስለዚህ እናትየው ማመልከቻቸውን ለኤጀንሲው፣ ግልባጩን ለክልሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ እንዲያስገቡ ነው የጻፍኩላቸው። አቤቱታ ሲገባ ውሉና የኤጀንሲው ስም ይጠየቃል፤ ውሉን የያዘ ቤተሰብ ይሰማል፣ ያልያዘ ይንከራተታል። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ውሉን ኮፒ ማድረግ ለአንድ ገጽ ጥቂት ብር ነው።

«ከታሰረ ኤምባሲው በራሱ ያውቃል»

ከሆሳዕና በኩል በደቡብ አፍሪካ መንገድ የወጡና መንገድ ላይ የተያዙ ልጆች ቤተሰቦች ይህን ይሉኛል። ኤምባሲው በየእስር ቤቱ ማን እንዳለ በራሱ አያውቅም፣ ሰው ካልነገረው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረው ሰው ከጠየቀ ለቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገር ይላል። «ከጠየቀ» የሚለውን ያዙልኝ። የታሰረው ልጅ አፉን ሞልቶ «የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይነገርልኝ» ማለት አለበት። ቤተሰብም ሙሉ ስሙን፣ የአያት ስም ጨምሮ፣ የልደት ዘመኑን፣ የተያዘበትን ከተማ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስገባ። ቅጽል ስም ይዞ መሄድ አይጠቅምም።

«ኤምባሲ ከሄደች ለፖሊስ ይሰጧታል»

ይህን ፈርተው ወራት የሚደበቁ አሉ። ኤምባሲ የዚያ አገር ፖሊስ አይደለም። የዚያ አገር ፖሊስም ያለ ኤምባሲው ኃላፊ ፈቃድ ግቢው ውስጥ አይገባም። ግን «ኤምባሲ የኢትዮጵያ መሬት ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም፣ መሬቱ የዚያው አገር ነው። ከበር ስትወጣ የአገሩ ሕግ ይይዛታል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ደውላ ቀጠሮና የሚያስፈልገውን ወረቀት ብትጠይቅ ይሻላል። ሳዑዲ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፣ ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ቆንስላ። ጅዳ ያለች ልጅ ሪያድ ድረስ መንከራተት የለባትም።

«የጠፋው ፓስፖርት ከተገኘ በሱ መምጣት ይቻላል»

ጠፍቷል ተብሎ ከተመዘገበና ከተሰረዘ በኋላ አይቻልም። ኢንተርፖል የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለው፣ ኤርፖርት ላይ ሊይዝ ይችላል። ለኤምባሲው መመለስ ነው።

«ደላላ በሁለት ቀን ያስጨርሳል»

አያስጨርስም። ሊሴ ፓሴ የሚሰጠው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ብቻ ነው፣ ክፍያም ካለ ደረሰኝ አለው። በኢሞ ደውሎ «ብር በዚህ አካውንት አስገቡ» የሚል ሰው ማስረጃችሁንም ብራችሁንም ይዞ ይጠፋል።

እናትየው ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ልጅቷ ቁጥሩን ይዛ ኤምባሲ ደውላለች፣ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ከነጠላቸው ስር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ አዲስ ፓስፖርት ነው፣ የታናሽየዋ። ለመሄድ ኤጀንሲ ተመዝግባለች። ስለ መሄዷ ምንም አልተነጋገርንም። «ሁሉንም ገጽ ሦስት ሦስት አድርግልኝ፣ ልጄ፤ ውሉ ሲመጣም አመጣልሃለሁ» አሉኝ። ማሽኑን አበራሁ።