የሐዋሳ ሐይቅ የምግብ ድርና የኃይል ፍሰት

ሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝና 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም።

በሐይቁ የሚኖሩት ፍጥረታት ኃይላቸውን የሚያገኙት በመጀመሪያ ከፀሐይ ነው። ብርሃኑን ወደ ምግብነት የሚለውጡት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ አልጌዎችና በዳርቻው የሚበቅሉት ቄጠማና ሌሎች ዕፅዋት ሲሆኑ፣ አልጌውን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ እንስሳት፣ እነዚህን ትናንሽ ዓሦች፣ ትናንሾቹን ደግሞ አምባዛና ባርበስ የተባሉት ትልልቅ ዓሦች ይመገቧቸዋል። አምባዛ የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩትንም፣ ነፍሳትንም፣ ሌላ ያገኘውንም ስለሚበላ፣ ግንኙነቱን በአንድ መስመር ከተዘረጋ ሰንሰለት ይልቅ ድር ብሎ መጥራቱ ትክክለኛ ነው። ዓሣ በል ንስርና ፔሊካን ከውሃው ያድናሉ፤ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሰበሰበው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ግን በአብዛኛው ዓሣው ሲበለት የሚጣለውን ይለቅማል። ጉማሬ በበኩሉ ሌሊት በየብስ ሣር ግጦ ቀን በውሃ ውስጥ ስለሚጸዳዳ፣ የምድሩን ንጥረ ነገር ወደ ሐይቁ ያስገባል።

ንጥረ ነገር በብስባሽ አማካይነት ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ኃይል ግን አይመለስም። አንድ እንስሳ ከበላው ምግብ አብዛኛው በእንቅስቃሴና በሙቀት መልክ ስለሚባክን፣ ወደ ቀጣዩ በላተኛ የሚያልፈው በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት በአልጌ ውስጥ ከተከማቸ 10,000 ካሎሪ ለአልጌ በሎቹ 1,000፣ ለመጀመሪያዎቹ አዳኞች 100፣ ለቀጣዮቹ 10 ይደርሳል። ከዓሦቹ ቁጥር አንጻር ንስሮች ጥቂት የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ያደገ ቆሮሶ ግን በዋናነት አልጌ ስለሚመገብ ለምንጩ ቅርብ ነው፤ የሐይቁ አስጋሪዎች በብዛት የሚያጠምዱት እርሱ መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ግን እንደ ኃይል በየደረጃው አይቀንስም፤ ከሰውነት በቀላሉ ስለማይወጣ በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገ ጥናት ዓሣ በሚበላው ትልቅ ባርበስ ሥጋ ውስጥ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ መገኘቱ፣ ዓሣውን ለሚመገበው ነዋሪ ጤና ሲባል ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ ነው።