ከካሜራው ጀርባ፦ የጅማን የከተማ ኑሮ የሚቀርጹ ሰዎች

ላይፍስታይል ሚዲያ የከተማ ኑሮን የሚያወራ ሚዲያ ነው። የት እንብላ፣ የት እንዝናና፣ ምን እንልበስ፣ ቅዳሜና እሁድ ምን አለ፤ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሥራው ቢሮ፣ ስቱዲዮና የተከፋፈለ ድርሻ አለው። ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጅማ ግን እንዲህ ዓይነቱ የሚዲያ ቤት በጥቂት ሰው ይቆማል፤ አንዱ ሁለትና ሦስት ሥራ ደርቦ ይይዛል።

ተመልካች የሚያውቀው አቅራቢዋን ነው። ጅማ ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለችም። ፋና በከተማዋ ኤፍኤም ጣቢያ አለው። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲም የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው፤ የሚዲያና ኮሙኒኬሽን ትምህርትም ይሰጣል። ድምፅን ሳይርበተበቱ ማውጣት እዚያ ይለመዳል። ከሬዲዮ የመጣ ሰው ግን ካሜራ ፊት መጀመሪያ ላይ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ያ በልምምድ ይስተካከላል።

ካሜራማኑ የሚበላው በአብዛኛው ከሠርግ ነው። ጥር ሲገባ እሱን ማግኘት ከባድ ነው። ረመዳን ላይ ደግሞ ሙስሊሙ ስለማይደግስ የቀን ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ምሽቱን የኢፍጣር ሳምቡሳና ቴምር ሲቀርጽ ያመሻል። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ይመጣል። ያኔ ካባ ለብሶ ፎቶ የማይነሳ የለም። ለሚዲያው የሚቀርጸው በእነዚህ መሃል ባለው ክፍተት ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የሠርግ ካላንደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው አለቃ ዝናብ ነው። ጅማ ዝናብ አይሰለቻትም፤ ከበልጉ ጀምሮ እስከ መስከረም አካባቢ ይወርዳል። ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመቅረጽ ያሰበ ሰው በጠዋት ነው የሚወጣው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፅ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ቃለ መጠይቁ አበቃ። ኤዲተሩ ትረካ መቅዳት ካለበት ብርድ ልብስ ይከናነባል፣ ወይ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ልብሶቹ መሃል አንገቱን ያስገባል። የሚያስቅ ይመስላል። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይወጣል።

የኤዲተሩ ጣጣ በዚህ አያበቃም። ከተማዋ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ታወራለች፤ ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ይቀላቅላል። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ላይ ቁቤም ፊደልም ይጻፋል። ስልክ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ሲደረደር ምግቡ ይሸፈናል። ቁቤ ላይ አንድ አናባቢ ከቀረች ደግሞ ተመልካች ወዲያው ይይዛታል። ሁለቱንም አጥርቶ የሚጽፍ ልጅ የተገኘበት ቤት ይዞት ነው መሞት ያለበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ቤቱን የሚያቆመው ማንም የማያውቀው ሰው ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው፣ ማርኬቲንግ የሚባለው። በጅማ ይህ ሥራ ኢሜይል መላክ አይደለም። ሱቅ ለሱቅ መዞር ነው። «ሐጂ፣ ለአንድ ወር ብቻ እንሞክረው» ትላለች ማርኬቲንጓ ባለ ሱቁን። «መጀመሪያ ቡናሽን ጠጪ ልጄ» ይሏታል። ሁለተኛው ስኒ እስኪመጣ ስለ ገንዘብ አይነሳም። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዘንድሮ የቡና ዋጋ ይወራል። የቡና ዋጋ ወሬ አይደለም፤ ገበሬው እጅ ብር ካለ የልብስ ሱቁም ሬስቶራንቱም ይሸጣሉ፣ ማስታወቂያም ይገዛሉ። ዓመቱ ከከፋ አንዳንዱ ክፍያውን በምግብ ያደርገዋል። ክፍያው ጥብስ ከሆነ የቤት ኪራይ በምን ይከፈል?

የቪዲዮ ገቢ ብቻውን ብዙም አያስተማምንም። ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮ በኩል ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ስለ አንድ ከተማ ካፌ የሚያወራ ቪዲዮ ይህን ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ቲክቶክና ቴሌግራም ተመልካች ቶሎ ያመጣሉ፤ ብሩ ግን ያው ከሱቁ ነው።

ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል። የከፈለ ይቀረጻል፣ ያልከፈለ ይቀራል። አዲስ የተከፈተ ካፌ በሦስት ቪዲዮ ይታያል። የጅማን በርጩማ የሚጠርበው አናጢ፣ የጥንቱ የሐሙስ ገበያ ሂርማታ፣ ስፕሪስ የምትቀዳው ልጅ ግን ተራ አይደርሳቸውም። ለእኔ ጥሩ ቤት ማለት ከሦስት ማስታወቂያ መሃል አንድ ያልተከፈለበትን ሥራ የሚያስገባ ነው።

ሕጉም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ የበይነ መረብ ሚዲያንም ይመለከታል። «ይህ የተከፈለበት ነው» ብሎ መጻፍ ግን ገና አልተለመደም። ባለ ሱቁም አይወደውም፤ «እንደዚያ ከሆነ ማን ያምነኛል?» ይላል።

ፖለቲካን የሚሸሽ ሚዲያ ቢሆንም ፖለቲካው አይሸሸውም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ታገዱ። ተመልካቹ በቪፒኤን ገባ። ማስታወቂያ አስነጋሪው ግን «ሲከፈት እንነጋገር» ብሎ ወጪውን ቆጠበ። በእይታ ለሚኖር ቤት አምስት ወር ረጅም ነው።

ስሟ የወጣ አቅራቢ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባን ታያለች። ካሜራማኑም ዕቃው የራሱ ስለሆነ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መሄድ ይችላል። ማርኬቲንጓ ግን እውቂያዋ ሁሉ ጅማ ነው። የጅማው መርካቶ ያለው ባለ ሱቅ እሷን እንጂ የሚዲያውን ስም አያውቅም። እሷ ስትለቅ ደንበኛውም አብሮ ይለቃል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ ከደመወዝ በላይ ኮሚሽን የሚጨምርላት።